ሬቲና ሐኪም ለመሆን ለሚያስቡ፦ እኔ የሠራኋቸው፣ እናንተ የማትደግሟቸው ስህተቶች

ሐረር ካለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅ የሚወጡ ወጣት ሐኪሞች ድሬዳዋ ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ አያጡም፦ «ዶክተር፣ እጄ ፈጣን ነው፤ ለሬቲና ይበቃኛል?» የመጀመሪያው ስህተት ከዚሁ ጥያቄ ይጀምራል።

የዓይን ሞራ በማውጣት እጁ የተፍታታ ሬዚደንት (የስፔሻሊቲ ሠልጣኝ) ሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ማከምን፣ ቀጣዩ ደረጃ አድርጎ ያስባል። እስከ እ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ድረስ ሬቲናው የተላቀቀ ሰው የመዳን ተስፋው የመነመነ ነበር፤ የሚበሳና የሚቆርጥ ሐኪም ጠፍቶ ግን አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ጁል ጎናን ታሪኩን የለወጠው ሬቲናውን ያላቀቀችውን ቀዳዳ ፈልጎ በመዝጋቱ ነው። መፈለግ አድካሚ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙዎች ቶሎ የሚሰለቹት።

ፍለጋውን የሚያስተምረው ያዩትን ሬቲና በእጅ መሣል ነው፤ እርሱን መናቅ ደግሞ ሁለተኛው ስህተት። ካሜራ እያለ ምን ያደርጋል ስል እኔም ኖሬያለሁ። ሕመምተኛው በጀርባው ይተኛ፤ እንደ ሰዓት ክብ የተሠራው የመሣያ ወረቀት 12 ቁጥሩ ወደ እግሩ እንዲዞር ገልብጣችሁ አስቀምጡት። በኢንዳይሬክት ኦፍታልሞስኮፕ (ራስ ላይ በሚታሰረው የሬቲና መመልከቻ) የሚታየው ምስል የተገለበጠ ስለሆነ፣ እንዳያችሁት ብትሥሉ በትክክለኛ ቦታው ይቀመጣል። ያልተላቀቀው በቀይ፣ የተላቀቀው በሰማያዊ፣ ቀዳዳዋ ቀይ ሆና ዙሪያዋ ሰማያዊ። እኔ አንድ ጊዜ አንዷን ቀዳዳ አግኝቼ ደስ ስላለኝ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ሁለተኛዋ በሌላው ጎን ነበረች፤ ሬቲናው እንደገና ተላቀቀ።

ፌሎሽፕን በአገር ስም መምረጥም አለ። ከዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ በኋላ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሚወስድ ሥልጠና ነው። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ስንት ቪትሬክቶሚ (ዓይንን የሚሞላውን ዝልግልግ ፈሳሽ የማውጣት ቀዶ ሕክምና) በገዛ እጄ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሠራለሁ? ረዳት ማይክሮስኮፕ ላይ ሁለት ዓመት መቆም በሰርግ ቤት ወጥ ሽታ እንደ መጥገብ ነው።

ሌዘርንና ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌን «የቀዶ ሐኪም ሥራ አይደለም» ብሎ መተውም ስህተት ነው። አብዛኛው ቀናችሁ የሚያልፈው እነዚህ ከሚያስፈልጓቸው የስኳር ሕመምተኞች ጋር ነው። ወደ አገር ስትመለሱ ደግሞ ማሽኑ ብቻ አያኩራራችሁ፤ መቁረጫው፣ ሬቲናውን ደግፈው እንዲይዙ ዓይን ውስጥ የሚሞሉት ጋዙና ሲሊኮን ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ እወቁ። አላቂ ዕቃ የሌለው ማሽን አቧራ ይጠጣል።

ከሁሉም የሚያሳፍረኝ የጋዙ ነገር ነው። አዲስ አበባ ፌሎው ሳለሁ አንድ የሐረር አዛውንት ሬቲናቸው ተጠግኖ ጋዝ ተሞላላቸው። «አባባ፣ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ» ብዬ ሸኘኋቸው። ቃሌን አክብረው በመኪና ወረዱ፤ ድሬዳዋ ልጃቸው ቤት አንድ ሳምንት ሰንብተው ወደ ሐረር ወጡ። በመንገዱ ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሳይጨርሱ ዓይናቸው ሊፈነዳ ደረሰ። «አውሮፕላን አልተሳፈርኩም እኮ፣ ልጄ» አሉኝ በስልክ። እውነታቸውን ነበር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። ሽቅብ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ዓይን ውስጥ ያለው ጋዝ ይነፋል፣ የዓይን ግፊትም ይጨምራል። የተማርነው ማስጠንቀቂያ ስለ አውሮፕላን ነበር፤ እኔም ከዚያ አላለፍኩም። እናንተ «ቤትዎ የት ነው? በመንገዱ ላይ ምን ዳገት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ጋዝ ዓይን ውስጥ እስከ ሁለት ወር ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ማደንዘዣ ሰጪው ዓይን ውስጥ ያለውን ጋዝ የሚነፋውን ናይትረስ ኦክሳይድ እንዳይጠቀም ካርዱ ላይ ጻፉ።

ጋዝ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ ሲሊኮን ዘይት ግን በቀዶ ሕክምና ካልወጣ አይወጣም። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል፤ ሕመምተኛው ግን ጥላ ማየት ሲጀምር ሥራው ያለቀ ይመስለውና ይቀራል። ከዓመት በኋላ የዓይን ግፊቱ ከፍ ብሎ፣ የዓይኑ መስታወት ደፍርሶ ይመጣል። ስለዚህ ከመሸኘቴ በፊት የእርሱን ስልክ ብቻ አልይዝም፤ የአንድ ልጁንና የአንድ ጎረቤቱንም እመዘግባለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ጎረቤቱ ነው።