ሙያችሁን በብሎግ ልታካፍሉ ነው? እነዚህ ስህተቶች ይቅሩባችሁ

የሒሳብ ባለሙያ ናችሁ እንበል። ሐምሌ ሲገባ ስልካችሁ ፋታ አይሰጥም። ዘመድ፣ የዘመድ ጓደኛ፣ የሰፈር ባለሱቅ፣ ሁሉም ስለ ግብር ይጠይቃል። እናንተም ያንኑ መልስ ስትደጋግሙ ትከርማላችሁ። «ይሄን ለምን ጽፌ አላስቀምጠውም? እግረ መንገዴንም ሳንቲም አገኝበታለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው። ሐሳቡ ሸጋ ነው። የሚያበላሹትን ነገሮች ግን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

በማስታወቂያ እኖራለሁ ማለት

ከትልቁ ልጀምር። ብሎግና ገቢ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጉግል አድሴንስ፣ ማለትም ብሎግ ላይ ማስታወቂያ እያሳየ ለባለብሎጉ የሚከፍለው የጉግል አገልግሎት ነው። አድሴንስ ግን የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ አማርኛ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ከዝርዝሩ ውጪ ነው የቆየው። ዓመት ሙሉ ጽፋችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ዝርዝሩን ከፍታችሁ እዩት።

በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ተፈቀደላችሁ እንበል። ገቢያችሁ 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል የአድራሻ ማረጋገጫ ፒን ይልካል። የሚልከው ደግሞ በወረቀት፣ በፖስታ ነው። እኛ አገር ፖስተኛ አብዛኛውን ጊዜ በር አያንኳኳም። የራሳችሁ ወይም የመሥሪያ ቤታችሁ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ከሌለ ያቺ ወረቀት የት ትደርሳለች? ፒኑ በ4 ወር ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያው ይቆማል። ይሄ ሁሉ አልፎም ክፍያው የሚለቀቀው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። አንባቢው ጥቂት ለሆነ ብሎግ 100 ዶላር መሙላት ወራት ይፈጃል።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከሙያው ከራሱ። ጽሑፋችሁን ያነበበ ነጋዴ «መዝገቤን ያዙልኝ» ብሎ ሲደውል፣ አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን አሠልጥኑልኝ ሲል፣ ብሎጉ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። በየወሩ የሚከፍል አንድ ደንበኛ ከብዙ ሺህ የማስታወቂያ እይታ ይበልጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ምን እንደምትሠሩና እንዴት እንደምትገኙ ሁለት መስመር ጣል አድርጉ። ስንቱ ጎበዝ ጸሐፊ ስልክ ቁጥሩን እንኳ ሳያስቀምጥ «ብሎግ አያዋጣም» ብሎ እንደተወው!

ክፍያ መቀበያውን ሳያጣሩ ዕቃ ማውጣት

ኢ-ቡክ ወይም የኦንላይን ሥልጠና አዘጋጅቶ፣ አስተዋውቆ፣ ገዢ ሲመጣ «ቆይ እንዴት ነው የምትከፍለኝ?» ማለት ያሳፍራል። በኢንተርኔት ገንዘብ ከሚያስተላልፉት የውጭ ድርጅቶች ፔይፓል ኢትዮጵያ ላለ ሰው ለመላክ እንጂ ለመቀበል አይሆንም። ስትራይፕም እዚህ ላለ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። አገር ውስጥ ላለ አንባቢ ቴሌብር፣ የባንክ ዝውውር ወይም እንደ ቻፓ ያለ የክፍያ መተላለፊያ አለ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለው ግን መንገዱን ከማስታወቂያው በፊት ከባንካችሁ ጋር ጨርሱ።

ርዕሱን እንደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ማድረግ

«የሒሳብ አያያዝ ጠቀሜታዎች» ብላችሁ ጻፉ፤ ማን ይከፍተዋል? ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ነጋዴ ጉግል ላይ የሚጽፈው «ደረሰኝ ከጠፋብኝ ምን ላድርግ» ብሎ ነው። ርዕሳችሁ የእሱ ጥያቄ ይሁን። መጀመሪያው አንቀጽ ላይም መልሱን ስጡት፤ የሒሳብ ሙያ ከየት እንደተነሳ ስትተርኩለት አይጠብቃችሁም። ርዕስ ካጣችሁ ባለፈው ወር የተደወለላችሁን አስታውሱ። የጠየቋችሁ ሁሉ ርዕስ ነው።

ፊደሉን መርሳት

አንዱ «ሒሳብ» ይላል፣ ሌላው «ሂሳብ»፣ ሌላው ደግሞ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። እንደ ጉግል ያሉ ፈላጊ ፕሮግራሞች እነዚህን ሁልጊዜ አንድ አድርገው አያዩም። የምትመርጡትን አጻጻፍ ይዛችሁ ቀጥሉ፤ ሌላውን ግን ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ማስገባት አይጎዳም። የፊደል ጠንቃቆች ቅር ሊላቸው ይችላል፤ አንባቢ ሳያገኛችሁ ከሚቀር ግን ይሻላል።

ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ መጣል

ቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፤ አንባቢው እዚያ ነው ያለው። ችግሩ ሌላ ቦታ ምንም ሳይኖራችሁ ሲቀር ነው። ያ በሰው ግቢ ቤት መሥራት ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው እንደነበር እናስታውሳለን። ያኔ ቪፒኤን (እገዳውን የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ያልነበረው አንባቢ ጠፋ፤ ደንበኛውን በሙሉ እዚያ ያስቀመጠ ባለሙያም አብሮ ተቸገረ። ጽሑፉ የራሳችሁ ገጽ ላይ ይቀመጥ፣ ሊንኩን ቻናሉ ላይ ልቀቁት፣ ኢሜይል ወይም ስልክ መስጠት የሚፈልጉትንም መዝግባችሁ ያዙ። ለመጀመሪያው ሰሞን ብሎገር የተባለው የጉግል ነፃ የብሎግ መክፈቻ ይበቃችኋል። ሳይጽፉ ለዲዛይን ገንዘብ መክፈል ትርፉ ኪሳራ ነው።

ቀን የሌለው ጽሑፍ

እንደ ግብር ባለ ሙያ ይሄ አደገኛ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል። የድሮውን እየጠቀሰ ቀን ሳይጻፍበት የተቀመጠ ጽሑፍ ግን ዛሬም ቢገኝ፣ ያነበበው ነጋዴ በምን ያውቃል? የተጻፈበትን ቀን ከላይ አስቀምጡ። ሕጉ ሲቀየር ተመልሳችሁ አርሙት፣ ያረማችሁበትንም ቀን ጻፉ። አዋጁን ራሱን ሳታዩ ከሌላ ሰው ገጽ ቀድታችሁ ከሆነ ደግሞ ስህተቱንም አብራችሁ ወርሳችኋል። የሰውን ጽሑፍ እንዳለ መገልበጥ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚያስጠይቅም አትርሱ።

የደንበኛን ገበና ምሳሌ ማድረግ

ጥሩ ጽሑፍ እውነተኛ ምሳሌ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ባለሙያ የሚንሸራተተው። ስም ባትጠሩም «መርካቶ ያለ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ይህን ያህል ቅጣት ተጣለበት» ካላችሁ፣ ጎረቤቱ ያውቀዋል፣ እሱም ራሱን ያውቃል። ነገ መዝገቡን ለእናንተ አምኖ የሚሰጥ አይኖርም። የንግድ ዘርፉን ቀይሩ፣ ሰፈሩን ቀይሩ፣ ቁጥሩን አዛንፉ፣ መቀየራችሁንም ለአንባቢ ንገሩት። ካልሆነም ደውላችሁ አስፈቅዱ፤ ከከለከላችሁ ሌላ ምሳሌ ፈልጉ።