ጀርመን በገባችሁ ሳምንት እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በመስከረም መጨረሻ ስድስት ሆነን ለትምህርት ጀርመን ገባን። ፍራንክፈርት ስናርፍ ደስታችን ልክ አልነበረውም። በሳምንቱ ውስጥ ግን ብዙ ነገር ተበላሸብን። ዘንድሮ የምትሄዱ ልጆች ያው እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቅቤ ይዛችሁ አትሂዱ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ንጥር ቅቤም ቋንጣም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እኛ ይህን የሚነግረን አላገኘንም። ለአንዷ ጓደኛችን እናቷ በኮሰረትና በኮረሪማ ያነጠረችውን ቅቤ ፌስታል በፌስታል ጠቅልላ ሰጥታታለች። የጉምሩክ ሠራተኛው ክዳኑን ሲከፍተው ሽታው አዳራሹን ሞላው። ከዚያ ወሰደው። «እናቴ እኮ ስታነጥር ነው ያመሸችው» ብላ አለቀሰች። በርበሬውንና ሽሮውን አልነኩባትም።

ሰዓት ስትነጋገሩ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። ከጀርመኖቹ ጋር ብዙም ችግር የለም። የምንሳሳተው እርስ በርስ ስናወራ ነው። የአድራሻ ምዝገባ ቀጠሯችን ወረቀቱ ላይ 8:00 ይላል፤ በእኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። አንዱ ልጅ ቴሌግራም ላይ «ነገ 8 ሰዓት፣ እንዳትረሱ» ብሎ በአማርኛ ጻፈ። ሁለቱ እንደ አገር ቤቱ ተረዱትና ምሳቸውን በልተው፣ አምረው መጡ። ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ምዝገባው ደግሞ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። ቤት ከገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለባችሁ፤ የአከራዩ ማረጋገጫም ይጠየቃል። በትልልቅ ከተሞች ሌላ ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም።

ብሎክድ አካውንቱን፣ ማለትም ለቪዛው ብላችሁ ቀድማችሁ የምታስገቡትን የታገደ የባንክ ገንዘብ፣ ተማምናችሁ ባዶ ኪስ አትሂዱ። ያ ገንዘብ የሚለቀቀው እዚያ የባንክ ሂሳብ ከከፈታችሁ በኋላ፣ በየወሩ እየተቆነጠረ ነው። ለጥቂት ሳምንት የሚያቆይ ዩሮ በእጃችሁ ይኑር።

የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስማችሁን ሳትለጥፉ አትደሩ። ይህን ከሁሉም አስበልጬ እመክራለሁ። የባንክ ካርዱ፣ ለብቻው በሌላ ፖስታ የሚላከው የሚስጥር ቁጥር፣ የጤና መድን ካርዱ፣ የግብር ቁጥሩ፣ ሁሉም በፖስታ ነው የሚመጣው። ስማችሁ ከሌለ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። ስትለጥፉም ፓስፖርታችሁ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረውን አትተዉ፤ የሚጽፉላችሁ በእሱ ነው። እኛ በራሳችን ስም መጠራት ስለለመድን ይዘነጋናል። አንዱ ጓደኛችን ቢሮ ውስጥ በአያቱ ስም ሦስቴ ሲጠሩት ሌላ ሰው መስሎት ቁጭ ብሎ ቀረ፤ ተራው አለፈ።

የባቡር ቲኬት መግዛት ብቻ አይበቃም። በብዙ ከተሞች የወረቀቱን ቲኬት ማሽን ላይ ማስመታት ያስፈልጋል። ሳይመታ ከተገኘ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው።

አስቤዛውን ለእሑድ አታቆዩ። እሑድ ሱፐርማርኬት ዝግ ነው።

የመጨረሻው ቡና ነው። በመጀመሪያው እሑድ ናፍቆቱ ሲበረታብን የጋራው ኩሽና ውስጥ ቡና ልንቆላ ተነሳን። መስኮቱን አልከፈትንም፤ ብርድ ነበር። ቡናው ጠቆር ማለት ሲጀምር ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ሕንፃው ውስጥ ያለው ተማሪ ሁሉ በነጠላ ጫማና በፒጃማ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። በሩ ላይ ቆመን አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቅን። የቡና መጥበሻው አሁንም በእጃችን ስለነበር ምን እንደሆነ የጠየቁን ነበሩ። ስለዚህ መስኮት ክፈቱ፤ ወይም የተቆላ ይዛችሁ ሂዱ። በቀጣዩ እሑድ የተቆላውን አፈላን። ከላይኛው ፎቅ ሁለት ልጆች ሲኒ ይዘው መጡ፤ እስከ በረካ ቆዩ።