ርካሽ ማውንቴን ብስክሌት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

በአጭሩ፦ ግዙት፣ ይነዳል። ግን ከሱቅ እንደወጣ አይደለም የሚነዳው። ተፈትቶ፣ ግራሶ ገብቶለት፣ ፍሬኑ ተስተካክሎ ነው። ደግሞ ርካሹ ሁሉ አንድ አይደለም። በአንድ ዋጋ ከተገዙት አንዱ ዓመታት ያገለግላል፣ ሌላው ሦስት ወር ሳይሞላው የግቢ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ መለየት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ጎማው ጥርሳም ከሆነና ከፊት ሾክ ካለው ማውንቴን ተብሎ ይሸጣል። ተራራ ለመውረድ ግን አልተሠራም። እንዲያውም አንዳንዱ ላይ ከመንገድ ውጭ እንዳይነዳ የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ይመጣል፣ ማን ያነበዋል እንጂ። ስለዚህ አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ለስላሳ የአፈር መንገድ፣ እሺ። ከድንጋይ ላይ መዝለል፣ በፍጹም።

አንድ ታሪክ ግን ልንገራችሁ፣ እኔ ብስክሌት የምመርጥበትን መንገድ የቀየረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ታማልፓይስ ተራራ አካባቢ፣ እነ ጋሪ ፊሸርና ጆ ብሪዝ የሚባሉ ወጣት ብስክሌተኞች የድሮ ከባድ የብረት ብስክሌት በርካሽ እየለቀሙ ቁልቁለት ይወርዱበት ነበር። ሾክ የለውም። ፍሬኑ የኋላ ጎማው መሃል ውስጥ ነው፣ ታች ሲደርሱ በሙቀቱ ግራሶው ተቃጥሎ ይጨሳል። ከዚያ ፈትተው አዲስ ግራሶ ይሞሉታል። በ1976 የጀመሩት ውድድር "ሪፓክ" የተባለው ከዚህ ነው፣ እንደገና መሙላት ለማለት። ማውንቴን ብስክሌት የሚባለው ነገር ያደገው ከእነዚህ አሮጌ ብረቶች ነው። ቀላል ዕቃ ነበሩ፣ ይፈቱ ነበር፣ ባለቤታቸውም እጁን ግራሶ ማስነካት አይሰለቸውም ነበር። የእኔም ምርጫ ከዚያ ወዲህ ይኼው ነው፦ ገንዘቤ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነገር ያለውን እገዛለሁ።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከኋላም ከፊትም ሾክ ያለውን እለፉት። ዓይን ይስባል፣ አውቃለሁ፣ ልጆች በተለይ እሱን ነው የሚያለቅሱለት። ግን የርካሹ የኋላ ሾክ ሞላ ብቻ ነው፣ የሚያረጋጋው ነገር ውስጡ የለም፣ ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር ከፍ ዝቅ እያለ ጉልበታችሁን ይበላል። ክብደቱም አለ። ዳገት ላይ ታውቁታላችሁ። ምንም ሾክ የሌለው ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ ካልተገኘ ከፊት ብቻ ያለውን።

ቀጥሎ ማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ የወጣ ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና ቸርኬው ላይ አስጠጉት። ከተጣበቀ ብረት ነው፣ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም። ቸርኬው ላይ የሚይዝ ፍሬን ካለው ይኼ ትልቅ ጉዳይ ነው። የብረት ቸርኬ ሲደርቅ ደህና ነው፣ ክረምት ላይ ሲረጥብ ግን ፍሬኑን ጨምቃችሁት ብስክሌቱ ዝም ብሎ ይሄዳል። ዲስክ ፍሬን ያለውንስ? በዚህ ዋጋ እኔ አልመርጠውም። ቸርኬ የሚይዘው ዓይነት ርካሹም ቢሆን በደንብ ይይዛል፣ የፍሬን ጎማው ሲያልቅም የትም ይገኛል፣ ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ። የፍሬኑን እጀታ ደግሞ ባለ በሌለ ኃይላችሁ ጨምቁት። መሪውን ከነካ፣ ወይም ፕላስቲክ ሆኖ ከተጣመመ፣ መልሳችሁ አስቀምጡት።

የማርሽ ብዛት አያታላችሁ። 21 ማርሽ የሚባለው ከፊት ሦስት ከኋላ ሰባት ማለት ነው፣ ብዙዎቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ።

አሁን ገዛችሁት እንበል። ያን ቀን አትንዱት። እኔ ነድቼዋለሁ። ሱቁ ገጣጥሞ ነው የሰጠኝ፣ ከሽሮሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬኑ እንደ ነገሩ ይይዛል፣ እጄ ደነዘዘ። የሰፈራችን ጎሚስታ አንዴ አየውና "ወንድሜ፣ በዚህ ነው ከላይ የወረድከው?" አለኝ። የፊት ሹካው ወደ ኋላ ዞሮ ተገጥሞ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይኼ ይሁን፦ ከጎን ቆማችሁ እዩት፣ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ የፊት ፍሬኑ ከሹካው ፊት ለፊት ነው መሆን ያለበት። ወደ ፔዳሉ በኩል ዞሮ ካያችሁት ተገልብጧል።

ከዚያ ጎማዎቹን አውጡና የመሃሉን ብረት በጣታችሁ አሽከርክሩት። አሸዋ እንዳለበት የሚንኳኳ ከሆነ ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም ግራሶው ደርቋል። የኔን ስፈታው ውስጡ ያሉት የብረት ብዮች አዲስ እንደ መስታወት ያበራሉ፣ ግራሶው ግን በጥፍር የሚነሳ ያህል ብቻ ነበር፣ እሱም በአንድ በኩል። እንዲህ ሆኖ ከተነዳ በጥቂት ወር ውስጥ ብረቱ ይበላባችኋል። ጠርጋችሁ፣ ግራሶ ሞልታችሁ፣ ሳይጠብቅም ሳይላላም መልሳችሁ እሰሩት። ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ብትወስዱት ብዙም አያስከፍልም፣ ብቻ ሲሠራ አጠገቡ ቁሙና እዩ፣ በሚቀጥለው ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

ፔዳል ስትገጥሙ ጠንቀቅ በሉ። የግራው ፔዳል ጥርሱ በተቃራኒ ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ይኼን ሳያውቁ በግድ ያስገቡት ሰዎች የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ጨርሰው ያበላሻሉ። ክንዱን መሃል ላይ የያዘውን ቡሎን ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እንደገና አጥብቁት። እየላላ ከነዳችሁት ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከሰፋ በኋላ ማጥበቅ አይጠቅምም።

የኋላ ማርሽ ቀያሪው ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ፣ "ኤች" እና "ኤል" የሚል ፊደል አላቸው። "ኤል" የሚለው ከላላ ሰንሰለቱ ትልቁን ጥርስ አልፎ ጎማው ሽቦዎች ውስጥ ይገባል፣ ዳገት ላይ ከሆናችሁ ጎማው ይቆልፍባችኋል። ብስክሌቱን ገልብጣችሁ፣ ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ፣ ትልቁ ጥርስ ላይ እስኪቆምና ከዚያ እስከማያልፍ ድረስ በካቻቢቴ አስተካክሉት።

ንፋስ ስትሞሉ መጠኑ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ባለ 26 ኢንቹ አብዛኛው ከ40 እስከ 65 ፒ ኤስ አይ ነው። የመኪና ኮምፕሬሰር ላይ ቀስ እያላችሁ፣ በአንዴ ከለቀቃችሁት ከመነዳሪው ይፈነዳል። ኮርቻውን ደግሞ ከፍ አድርጉት። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ጉልበታችሁን ያማችኋል። ስታወጡት ግን ቧንቧው ላይ ያለውን የመጨረሻ መስመር አትለፉ።

የት ነው የምትነዱት የሚለው ደግሞ ግማሹን ነገር ይወስናል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ከሆናችሁ፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ርካሹ ብስክሌት በቂያችሁ ነው፣ ብዙም አታስቡ። አዲስ አበባ ሌላ ነው። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተሠራባቸው መንገዶች ላይ ጥሩ ይነዳል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው እንጦጦ ወደ ከተማ ለመውረድ ካሰባችሁ ግን ፍሬኑ ነው ሕይወታችሁ። ሁለቱንም አብራችሁ ያዙ፣ ገና ሳይፈጥን ጀምሩ፣ መሃል ላይ ቆም ብላችሁ ቸርኬው ይቀዝቅዝ። ሄልሜት አድርጉ። ሰው ከኋላ ጭናችሁ አትውረዱ፣ የርካሹ የኋላ ጎማ መሃል ብረት ክብደት ሲበዛበት ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ይሰበራል።

በዚያው ብር ያገለገለ ጥሩ ብስክሌት ከተገኘ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ስታዩት ግን ከፊት ጀምሩ። ሹካው የገባበት አንገት ሥር ቀለሙ ከተጨማደደ ወይም ከተሰነጠቀ ተጋጭቷል፣ ተዉት። ጎማውን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት፣ ኩሽኔታው ካለቀ ይንኳኳል። ሰንሰለቱ ላይ ከአንድ ፒን ጀምራችሁ 24 ፒን ወደፊት ቁጠሩና በማስመሪያ ለኩ። አዲስ ከሆነ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30.7 ከደረሰ አልቋል፣ ጥርሶቹንም በልቷቸው ሊሆን ስለሚችል ዋጋውን በዚያ ልክ ተደራደሩ።

ርካሹን ከገዛችሁ በኋላ ገንዘብ የሚወጣው ለፍሬን ጎማ፣ ለፍሬን ሽቦና ለጎማ ነው። ሾኩን በውድ አትቀይሩ። ማርሹንም እንደዛው። አንገቱ ላይ ብየዳው ከተሰነጠቀ ደግሞ አስበይዳችሁ ቁልቁለት አትውረዱበት። ጎማዎቹን፣ ኮርቻውንና ፔዳሎቹን ፈትታችሁ ለሚቀጥለው አስቀምጡ።