ባዮዲዝል በቤት፦ ደሴ ላይ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ናፍጣ በተወደደ ቁጥር "ከተጠበሰበት ዘይት ነዳጅ ይወጣል አሉ" የሚል ወሬ ይነሳል። ወሬው እውነት ነው። ዘይት፣ ሜታኖል የተባለው አልኮልና ኮስቲክ ሶዳ ሲዋሃዱ ከላይ ባዮዲዝል፣ ከታች ግሊሰሪን ይወጣል። ዕቃውም ብዙ አይደለም። ችግሩ ኢንተርኔት ላይ ያለው አሠራር ቆላ ላለ ሰው የተጻፈ መሆኑ ነው። ዕቃችን ደግሞ የወጥ ቤት ነው።

1. በብረት ድስት መሥራት

ቤት ያለው ብረት ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሲበላውም ሃይድሮጂን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል። ዚንክ የተቀባ ባልዲ፣ መዳብና ነሐስም ይቅሩ፤ ያለቀውን ነዳጅ ሳይቀር ቶሎ ያበላሹታል። ለማሞቂያ የማይዝግ ብረት ድስት፣ ሜታኖሉንና ሶዳውን ለመቀላቀያ ደግሞ ወፍራም ቢጫ ጀሪካን ይበቃል። ድስቱ ከዚያ በኋላ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።

2. "60 ዲግሪ አሙቁ" የሚለውን እንዳለ መከተል

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሜታኖል በባሕር ወለል ከፍታ 65 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ 57 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ኮምቦልቻ ብትወርዱም 59 ገደማ ነው። ስለዚህ 60 ያደረሰ ሰው ሜታኖሉን እያፈላ ነው። እንፋሎቱ መርዝ ነው፤ ሰውን ዓይነ ስውር ያደርጋል፣ ይገድላልም። ሲቀጣጠል ደግሞ እሳቱ በጠራራ ፀሐይ እምብዛም አይታይም።

ቴርሞሜትር ግዙ። 50 ዲግሪ ላይ ረዘም አድርጎ ማማሰል ይሻላል። ዘይቱን ለብቻው አሙቁ፣ አውርዱ፣ ምድጃውን አጥፉ። ከዚያ ዘይቱን ነፋስ ወዳለበት ግቢ ወስዳችሁ የሜታኖሉንና የሶዳውን ቅልቅል ጨምሩ። ሽቦው የሚቀላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከከሰል የተሻለ እንዳይመስላችሁ። ድሪልም ውስጡ ብልጭታ ስላለው ለማማሰያ አይሆንም፤ ክዳን ያለው ዕቃና በእጅ የሚዞር ማማሰያ ይሻላል። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ሶዳው ወደ ሜታኖሉ ቀስ እየተባለ ይጨመራል እንጂ ሜታኖሉ ሶዳው ላይ አይገለበጥም።

ሜታኖልን በአረቄ ወይም በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥ? በፍጹም።

3. ውሃ ያለበት ዘይት

ረመዳን ላይ ሳምቡሳ፣ በጾም ደግሞ ፓስቲ ስለሚበዛ ያገለገለ ዘይት አይጠፋም። ግን ውስጡ ውሃና ፍርፋሪ አለ። ውሃ ካለ የምታገኙት ሳሙና ነው። በጨርቅ አጥሉት፣ ከዚያ መንጣጣቱና አረፋው እስኪያቆም አሙቁት። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ማድረቁ እንኳ ቀላል ነው። ቅልቅሉ የሚጨመረው ግን ዘይቱ ተመልሶ 50 ዲግሪ ሲደርስ ነው።

4. ሶዳውን በማንኪያ መስፈር

ላልተጠበሰበት ዘይት በሊትር 3.5 ግራም ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳና 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ይበቃል። ግማሽ ግራም ለውጥ ያመጣል፤ ስለዚህ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ሚዛን ያስፈልጋል። የሶዳው ዕቃ ክፍት ከዋለ እርጥበት ስለሚስብ ልኬቱ ይዋሻል።

ያገለገለ ዘይት አሲድ ስለሚያበዛ ተጨማሪ ሶዳ ይፈልጋል። ስንት እንደሆነ የሚነግራችሁ እርድ ነው። 1 ግራም ሶዳ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ። 1 ሚሊ ዘይት በ10 ሚሊ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥብጡና ትንሽ እርድ ጨምሩበት። የሶዳውን ውሃ በስሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉ። ቢጫው ወደ ቀይ ዞሮ ሲቆይ አቁሙ። የገባው እያንዳንዱ ሚሊ በሊትር ዘይት 1 ግራም ይጨመር ማለት ነው። 2 ሚሊ ከገባ 5.5 ግራም። ከ5 ሚሊ ካለፈ እኔ ለሳሙና ነው የምሰጠው።

5. ያገኙትን ዘይት ሁሉ መጠቀም

የሚረጋው የፓልም ዘይት ባዮዲዝሉም ይረጋል። ኮምቦልቻ ላይ ቀን ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ብርዳሙ ጉጉፍቱ ላይ ሌሊት ካደረ ግን ጠዋት ሞተር አይነሳም። ባቲ አካባቢ አጥር የሆነው ጃትሮፋም ያጓጓል፤ ፍሬው ግን መርዝ ነው፣ ፋጉሎውም ለከብት አይሰጥም። ዘይቱ አሲዱ ከበዛ መጀመሪያ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል፤ ለጀማሪ አይመከርም።

6. በማግስቱ መኪና ላይ መጨመር

አንድ ሌሊት ይዝቀጥ፣ ግሊሰሪኑ ከታች ይውጣ፣ ከዚያ ደጋግሞ በውሃ ቀስ ብሎ ይታጠብና ይድረቅ። ጥቂቱን ከውሃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ በጥብጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለየብቻ ከቆሙ ጥሩ ነው። እንደ እርጎ ከቀረ ሥራው አላለቀም።

መጀመሪያ የድሮ ወፍጮ ወይም የመስኖ ፓምፕ ሞተር ላይ፣ አንድ እጅ ባዮዲዝል ከአራት እጅ ናፍጣ ጋር ቀላቅላችሁ ሞክሩ። አዳዲስ መኪኖችን አትንኩ። ባዮዲዝል የቆየ ታንከር ውስጥ የተጋገረውን ቆሻሻ ስለሚያላቅቅ ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል፤ ትርፍ ፊልትሮ ያዙ። የአሮጌ ሞተር ጎሚኒም ካበጠ ማፍሰስ ይጀምራል፣ በየጊዜው እዩት።