ዛፍ በገመድ ስታወርዱ፦ በመሣሪያ ምርጫ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ ላይ ቤቱ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከቆርቆሮው በላይ የሆነበት ግቢ ብዙ ነው። እዚያ ከሥር ገዝግዞ መጣል አይታሰብም፤ ቆራጩ ወጥቶ ከጫፍ ይቆራርጣል፣ ከታች ያለው ደግሞ ቁራጩን በገመድ ያወርዳል። ሁሉም የሚያየው ላይ ያለውን ሰው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ከታች የታሰረውን መሣሪያ ነው።

ትልቁ ስህተት ማውረጃንና መጎተቻን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ግንዱ ሥር ታስሮ ገመድ የሚጠመጠምበት የብረት ቱቦ፣ ፖርታራፕ የሚባለው፣ ብሬክ ብቻ ነው፤ ስንዝር ታህል ወደ ላይ አያነሳም። ቲርፎር፣ የብረት ገመድ በእጅ የሚጎተትበት መሣሪያ፣ ተቃራኒው ነው፦ የሚጎትተውም የሚለቀውም በእጀታ፣ ጥቂት ጥቂት ሳንቲም እያለ ነው። የሚወድቅ ቁራጭ በቲርፎር ልቀበል ያለ ሰው ገመዱ የሚሮጥበት መንገድ የለውም። የብረት ገመዱም እምብዛም አይለጠጥም፣ ስለዚህ ምቱ ቆራጩ በታሰረበት ግንድ ላይ ያርፋል። ወደ ጣሪያ ያዘነበለውን ዛፍ ወደ ግቢ ለመሳብ ግን ከቲርፎር የተሻለ አላውቅም። ማውረዱንም መሳቡንም የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ሆብስና ጂአርሲኤስ የሚባሉት። ሆብስ ከበሮውን በዘንግ እያዞሩ ገመዱን ይወጥሩበታል፤ ጂአርሲኤስ የጀልባ ዊንች ይገጠምለታል፣ ዊንቹን አውጥቶ በከበሮ መተካትም ይቻላል። ቅርንጫፉ ከጣሪያው ትንሽ ተነስቶ መዞር ካለበት ዋጋቸውን ያወጣሉ። ቀለል ያለ ቅርንጫፍ ብቻ ለሚያወርድ ግን ትርፍ ወጪ ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት መሣሪያው ላይ የተጻፈውን ቶን አይቶ መተማመን ነው። ውፍረቱ 40 ሳንቲም፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ እርጥብ ባሕር ዛፍ ወደ 120 ኪሎ ይመዝናል። ያ ቁራጭ፣ ገመዱ ከላይ ዛፉ ላይ በታሰረው ፑሊ ዞሮ፣ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል እንኳ የፑሊው ማሰሪያ 240 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ አንዱ ጎን ጭነቱን፣ ሌላው ጎን የሚይዘውን ጉልበት ስለሚጨምር ነው። ወድቆ ድንገት ሲያዝ ደግሞ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከታች ያለው መሣሪያ 1.6 ቶን ቢችልም፣ ላይ ያለው ቅርንጫፍ ስንት ይችላል?

ከዚህ ጋር የሚሄደው የጥምጥም ብዛት ነው። «አብሽሩ፣ ይይዘዋል» ተብሎ አንድ ዙር ይጨመራል። በገመዱና በብረቱ መካከል ያለው የሰበቃ መለኪያ (ኮፊሸንት) 0.2 ነው እንበል፦ 120 ኪሎውን በአንድ ዙር ለመያዝ 34 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል፣ በሁለት ዙር 10፣ በሦስት 3 እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው ዙር ለክንድ እረፍት ነው፣ ገመዱ ግን ሳይሮጥ ይነክሳል፤ ምቱም ወደ ላይ ይሄዳል። ዙሩ የሚወሰነው መጋዙ ሳይነሳ ነው፤ መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ ሞክሩት። ክረምት ላይ ገመዱ ከረጠበ እንደገና ሞክሩ። ገመዱን እጅ ወይም ወገብ ላይ መጠምጠም ግን ጨርሶ አይሞከርም።

ገመዱን በሚመለከት፣ ከገበያ የሚገዛው ርካሽ የፕላስቲክ ገመድ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 165 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፣ ፀሐይም ይበላዋል። በከበሮ ላይ በፍጥነት ሲሮጥ በሰበቃው ሙቀት ይቀልጣል። ፖሊስተር 250 አካባቢ ድረስ ይቆያል።

መሣሪያውን ግንዱ ላይ ላላ አድርጎ ማሰርም የተለመደ ነው። ጉተታው ወደ ላይ ስለሆነ መሣሪያው ይወጣል። የነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊት ደግሞ እየተላጠ የሚወርድ ስለሆነ አብሮት ይንሸራተታል። የላላውን ቅርፊት አንሱና አጥብቃችሁ እሰሩ።

በመጨረሻ ሚስማር። የቲርፎሩ መጎተቻ እጀታ ላይ ያለው ፒን የሚሰበረው ጭነቱ ሲበዛ መሣሪያውን ለማዳን ነው። በቦታው ሚስማር ወይም ቡሎን የሚሰኩ አሉ፤ ያን ጊዜ የሚበጠሰው ገመዱ ወይም ማሰሪያው ይሆናል። ፒኑ ቢሰበርም በመልቀቂያው እጀታ ጭነቱን ማውረድ ስለሚቻል፣ መጀመሪያ አውርዱ፣ ጭነቱን ቀንሱ፣ ከዚያ የራሱን ፒን ግጠሙ።