ተዳፋት ላይ ለቅዳሜና እሁድ ማረፊያ ስትሠሩ

ቀበና አካባቢ ቁልቁለት ቦታ ካላችሁ፣ ደልዳላ ይሁን ብላችሁ መሬቱን አታስቆርጡት። ወለሉን በደረጃ ከፋፍሉት፤ ቁፋሮው ይቀንሳል። ዋናው ጣጣ ውሃው ነው። የክረምቱ ጎርፍ ቤቱን ሳይነካ እንዲያልፍ ከጀርባ በኩል ቦይ አስቆፍሩ፣ ከድጋፍ ግንቡ ኋላ ጠጠር አስሞሉ፣ ግንቡ ላይም የውሃ ማስወጫ ቱቦ ይግባበት፤ ግንበኛው «ምን ያደርጋል?» ቢላችሁ እንዳትሰሙት፣ ውሃ ያቆረ አፈር ግንብ ይገፋል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። በዚያ ወቅት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ትልልቆቹን መስኮቶች ወደዚያ አዙሩ። የምዕራቡን አሳንሱት፣ የከሰዓት ፀሐይ አይቻልም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ደግሞ ቀን ምድጃ ነው፣ ማታ ይበርዳል። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወጣ ይበል፣ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታው።