ከአያት የወረሳችሁትን ውጅግራ ሳታበላሹ እንዴት ታጸዳላችሁ፣ እንዴትስ ታስቀምጣላችሁ

ውጅግራን፣ ያን አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ከዝገት በላይ የሚጎዳው ግራይንደር ነው። ሰርግ ሲደርስ ወይም ከውጭ ዘመድ ሊመጣ ሲል አንዱ የቤቱ ልጅ ከግድግዳ ያወርደውና ወደ ብየዳ ቤት ይወስደዋል። «ወንድሜ፣ እንደ አዲስ አድርግልኝ» ይላል። ሰውየውም የታዘዘውን ያደርጋል። ብረቱ በግራይንደር ይፋቃል፣ እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይላጫል፣ ላዩ ላይ ቫርኒሽ ይፈስበታል፣ ማታ ቤት ሲገባ ሁሉም ያጨበጭባል። የተሠራበት ቦታ ጽሑፍ፣ ቁጥሩ፣ አያት በጩቤ የቀረጹት መስቀል ግን አብሮ ሄዷል። እሱን ማንም አይመልሰውም።

ሐረርና ድሬዳዋ አካባቢ ይህ መሣሪያ በየቤቱ መገኘቱ አይገርምም። ፈረንሳዮች ውጅግራን የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1886 ለቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ሲቀበሉ አሮጌው ትርፍ ሆነና በብዛት ወደ ውጭ ተሸጠ። ከታጁራና ከጅቡቲ የሚነሳው የቅፍለት መንገድ ደግሞ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ነው የሚወጣው። ራስ መኮንን ከሐረር ይዘውት ወደ አድዋ የዘመቱት ጦር ውስጥ የናንተ ቅድመ አያት ካሉበት፣ እጃችሁ ላይ ያለው ዕቃ የ1888 ዓ.ም. ምስክር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀስ እንበል።

ከሁሉ በፊት የሕጉ ነገር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» ብላችሁ በራሳችሁ አትወስኑ። ወረቀቱ በሟች አባት ስም ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ማጽዳቱ ይደርሳል። መሣሪያውን በባጃጅ ጭናችሁ ከተማ ለከተማ ማዞርም አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ግቢ ውስጥ ያልቃል።

አሁን ባዶ መሆኑን እናረጋግጥ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ምክንያቱም በየቤቱ «ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ባዶ ነው» ይባላል እንጂ ያየው ሰው የለም። ልጆቹን አስወጡ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ጣታችሁ ምላጩ ላይ እንዳይሄድ። የመዝጊያውን እጀታ ወደ ላይ አንሱና ወደ ኋላ ሳቡ። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው፣ ካዝና የለውም። ስለዚህ መዝጊያው ሲከፈት የሚጎርስበት ቦታ ወለል ብሎ ይታያል። ባትሪ አብርታችሁ እዩ፣ በትንሿ ጣትም ዳብሱ።

ብዙ ጊዜ ግን መዝጊያው ዝጎ አልከፈት ይላል። በመዶሻ አትምቱት! ቀጭን ደረቅ የእንጨት ዘንግ ፈልጉ። ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎን ቆማችሁ በአፈሙዙ በኩል በቀስታ አስገቡትና መጨረሻው ላይ ሲቆም አፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። አውጡትና ከቱቦው (ከበርሜሉ) ውጭ ጎን ለጎን፣ ምልክቱን ከአፈሙዙ ጫፍ ጋር አስተካክላችሁ አጋድሙት። የዘንጉ ጫፍ እስከ መዝጊያው ፊት ከደረሰ ባዶ ነው። አራት አምስት ጣት ቀርቶት ከቆመ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ጥይት ሊሆን ይችላል። ያኔ ሥራው እዚያው ያበቃል። ዘይት አታፍስሱ፣ እሳት አታስጠጉ፣ ከኋላ አትቆርቁሩ። ባለበት አስቀምጡትና ፖሊስ ጥሩ።

በእጃችሁ ያለው ውጅግራ ሳይሆን ለቤል ወይም በእጀታ እየተሳበ የሚያጎርሰው የዊንቸስተር ዓይነት ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። የነዚህ ካዝና ከቱቦው ሥር የተጋደመ ሌላ ቱቦ ነው። ከላይ ባዶ መስሎ ከውስጥ የደከመ ስፕሪንግ የያዘው ጥይት ሊደበቅ ይችላል። እነዚህን የሚያውቅ ሰው ሳያይላችሁ አትነካኩ።

ሳጥን ውስጥ የቆየ ጥይት ካገኛችሁስ? የውጅግራ ጥይት ትልቅ ነው። ከፊት 25 ግራም የሚመዝን ለስላሳ እርሳስ አለው፣ በቀጭን ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ቀለሁ ውስጥ ደግሞ 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ። እርሳሱ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካያችሁ እሱ የእርሳስ ዝገት ነው፣ መርዝ ነው። እፍ አትበሉት፣ ከነካችሁት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጥይቱን ፖሊስ ይረከባችሁ። ምድጃ ውስጥም ሽንት ቤትም አይጣልም።

ለመተኮስ የምታስቡ ካላችሁ መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። ይህ ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፣ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ከዚያ በጣም የበለጠ ግፊት አለው። ላለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ውስጡን ምን እንደበላው ደግሞ ከውጭ አይታይም። ለሰርግም ለለቅሶም አታስተኩሱት።

ወደ ጽዳቱ። የሚያስፈልገው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ፣ የጎደለው ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ይገኛል። አሮጌ የጥጥ ጨርቅ (ነጠላ ቁራጭ ከሁሉ ይሻላል)፣ ትንሽ ነጭ ጋዝ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹህ ሰም፣ የተልባ ዘይት፣ አንድ ቁራጭ መዳብ። መዳቡን ከወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጣችሁ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፉት፣ እንደ ጥፍር እስኪሆን። ብርጭቆ ወረቀት፣ የድስት ሽቦ፣ አሲድ፣ ሎሚ እዚህ ሥራ ላይ ቦታ የላቸውም።

መጀመሪያ ደረቅ አቧራውን በብሩሽ አራግፉ። ከዚያ ብረቱን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ቀለሙን እዩት። ሁለት ዓይነት ነው የሚሆነው። አንዱ ጥቁር ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ጣት ላይ የማይቀር ነው። ይህ ብረቱ በዕድሜው የለበሰው ልብስ ነው፣ ይጠብቀዋል እንጂ አይበላውም። አትንኩት። ሌላው ብርቱካናማ ቀይ፣ ሻካራ፣ በጣት ሲነካ ዱቄቱ የሚቀር ነው። እየበላው ያለው ይህ ነው፣ የምናነሳውም ይህን ብቻ ነው።

ቀዩ ላይ ነጭ ጋዝ በጨርቅ አርሳችሁ አስተኙበት። እሳትና ሲጋራ ይራቅ። አንድ ሌሊት ቢያድር ጥሩ ነው። በማግስቱ በመዳቡ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ፈቅፍቁ። መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ሥሩን አይቧጭርም። ቀዩ ዱቄት ተነስቶ ጥቁሩ ሲመጣ አቁሙ፣ ጥቁሩን ተሻግራችሁ ነጭ ብረት ካያችሁ አልፋችኋል። ጽሑፍ ያለበት ቦታ፣ በተለይ ከመዝጊያው አጠገብ በግራ በኩል የፋብሪካው ስምና 1874 የሚለው የተቀረጸበት፣ ላይ መዳብም አትጠቀሙ። እዚያ ጨርቅና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ቱቦው ውስጥ በዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራችሁ አመላልሱ። ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገር እየወጣ ካላቆመ የቆየ የባሩድ ጥላሸት ሊሆን ይችላል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል፣ በዘይትም ጥሩ አይለቅም። መዝጊያው ተከፍቶ፣ በሙቅ ውሃና በትንሽ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ነው የሚወጣው። ወዲያው ግን አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አቁሙት፣ ከዚያ ዘይት። ብሎኖቹን አትፍቱ። ውጅግራ ፍታት ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን የብሎኑ ራስ አንዴ ከተፋቀ አለቀ። ምላጩን ለጨዋታ ደጋግሞ መሳብም የቆየ መምቻ ይሰብራል።

ሳንጃው ካለ እሱንም አውጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጀርባው ወፈር ያለ ነው። አጽድታችሁ ጀርባውን በባትሪ ብታዩት በእጅ ጽሕፈት ቅርጽ የተሠራበትን ፋብሪካና ዓመተ ምሕረት ልታገኙ ትችላላችሁ። የቤተሰቡ መሣሪያ ዕድሜ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው። የጫፉን ነሐስ እንደ ጀበና ማስቀመጫ ካላብረቀረቅን አትበሉ።

እንጨቱ ዋልነት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ የተልባ ዘይት በጣም በስሱ ቀቡና ትርፉን ጠርጉ። የድሬ ሙቀት እንጨት ይሰነጥቃልና እዚያ ያላችሁ በዓመት አንዴ ብትደግሙት አይበዛም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

የመጨረሻው መከላከያ እንደ ከተማችሁ ይለያያል። ድሬዳዋ ደረቅ ነው፣ አቧራው ግን አያድርስ። ዘይት ከቀባችሁ አቧራው ተለጥፎ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ሰም ይሻላል። ብረቱን የረፋድ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፣ ሞቅ ሲል ሰሙን እሹበት፣ ሳይቀዘቅዝ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉት። ሐረር ከፍ ያለ አገር ነው፣ ክረምቱ እርጥብ፣ የጀጎል ወፍራም ግድግዳም እርጥበት ይይዛል። እዚያ በስሱ ዘይት፣ ላዩ ላይ ሰም፣ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ደግሞ ፍተሻ።

ስትሰቅሉት ከግድግዳው ይራቅ። ሁለት የእንጨት ካስማ ምቱና ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ፣ አየር ይለፍበት። በቆዳ አፎት ወይም በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሣጥን ውስጥ አትክተቱ፣ ሁለቱም እርጥበት አፍነው ያስቀራሉ። አፈሙዙን በጨርቅ መወተፍም ያው ነው። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ይዞ ፎቶ መነሳት ይፈልጋል፣ ይነሳ፣ ግን የእጅ ላብ ጨው ስለሆነ ማታ በጨርቅ ወልውላችሁ ስቀሉት።

ሥራው ሲያልቅ ፎቶ አንሱት፣ ቁጥሩን፣ ጽሑፉን፣ የተቀረጸውን ምልክት ሁሉ በቅርብ። ደብተር ላይ ቁጥሩን፣ የፈቃዱን ዝርዝር፣ ከማን ለማን እንደመጣ ጻፉ። የሚያውቁት አክስት ወይም አያት በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁና የነገሯችሁን በራሳቸው አነጋገር አስፍሩ። ደብተሩ ከመሣሪያው ተለይቶ ይቀመጥ፣ ቅጂው ደግሞ ሌላ ቤት ይኑር።